ይወድቃል ተብሎ የሚነቀል ጥርስ፦ ስለ ልጆች ጥርስ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ዕትም ልጆችን ጥርስ ስለማስነቀል የተጻፉልንን አራት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ደብዳቤዎቹ ረዘም ያሉ ስለነበሩ ዋና ዋናውን ብቻ አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሴት ልጄ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። በታች በኩል ያለ የግራ መንጋጋ ጥርሷ ተቦርቡሮ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሳታል፤ ሰሞኑን ደግሞ ድዷ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ወጥቶ ፈረጠ። ጎረቤት ሁሉ ብርድ ነው ይለኛል። አማቴ «የወተት ጥርስ አይደለም እንዴ፣ አስነቅያት፤ ሌላ ይበቅልላታል» ይሉኛል። አንድ ክሊኒክ ይነቀል ሲለኝ፣ ሌላው ነርቩ ታክሞ ሊቆይ ይችላል አለኝ። የቱን ልቀበል? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ብርዱን ከነገሩ እናውጣው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ የጦሳ ተራራ ነፋስ የማይለያት ከተማ በመሆኗ ጉንጩ ያበጠን ልጅ ሁሉ ብርድ መታው ማለት የተለመደ ነው፤ የተቦረቦረ ጥርስ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ስለሚጠዘጥዝም አባባሉ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ድድ ላይ ብጉር መስሎ ወጥቶ የሚፈርጠው መግል ነው፤ ቡርቡሩ የጥርሱን ነርቭ አልፎ ኢንፌክሽኑ በሥሩ በኩል ወደ አጥንቱ መድረሱን ያመለክታል። ሲፈርጥ ግፊቱ ስለሚቀንስ ሕመሙ ለጊዜው ይተዋታል፤ ብዙ ወላጆች ዳነች ብለው ሐኪም ዘንድ መሄዱን የሚተዉትም በዚሁ ጊዜ ነው። አልዳነችም፤ መግሉ መውጫ አግኝቷል እንጂ ምንጩ እዚያው ነው። አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ገዝቶ እየደጋገሙ መስጠትም እብጠቱን ያስታግስ ይሆናል እንጂ የሞተውን ነርቭ ከጥርሱ ውስጥ አያወጣም።

አማትዎ ሌላ ይበቅልላታል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ዋናው ጥያቄ ግን መቼ የሚለው ነው። ልጆች 20 የወተት ጥርሶች አሏቸው። የፊቶቹ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ የሚወድቁ ሲሆን፣ መንጋጋዎቹ ግን ከ9 እስከ 12 ዓመት ድረስ መቆየት ያለባቸው ናቸው። ስለዚህ የልጅዎ መንጋጋ ዛሬ ቢነቀል ተተኪው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የወተት ጥርስ ከማኘክ ሌላ፣ መናኸሪያ ላይ ለወዳጁ ተራ ይዞ እንደሚቆይ ሰው፣ ለቋሚው ጥርስ ቦታ ይጠብቃል፤ እሱ ሲነሣ ከበስተኋላው ያለው መንጋጋ ወደ ፊት እየተገፋ ክፍተቱን ያጠበዋል፤ ይህም ይበልጥ የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ነው። ቋሚው ጥርስ ጊዜው ሲደርስ መውጫ አጥቶ ድድ ውስጥ ይቀራል፣ ወይም ወደ ምላስ አለዚያም ወደ ጉንጭ አዘንብሎ ይበቅላል።

ይህን ስል ግን መንቀል ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ጥርሱ ሙሊት የሚይዝ ግድግዳ እስኪያጣ ድረስ ከፈረሰ፣ መግሉ በሥሮቹ መካከል ያለውን አጥንት ከበላው፣ ወይም ታክሞም ተመልሶ የሚያብጥ ከሆነ ማቆየቱ ጉዳት አለው፤ የወተት መንጋጋ ሥሮች ወደ ጎን ተከፍተው በመካከላቸው የቋሚውን ጥርስ ቡቃያ ያቀፉ በመሆናቸው እዚያ የተጠራቀመ ኢንፌክሽን የሚመጣውን ጥርስ ገና ሳይወጣ ሊያበላሸው ይችላል። ይህን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም፤ የሚለየው ራጅ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ክሊኒኮች የተለያየ ነገር የነገሩዎት አንዳቸው ሙያውን ስላላወቁ ላይሆን ይችላል። ራጅ ሳትነሣ የተሰጠ ምክር ከሆነ ግን ራጅ እንድትነሣ ይጠይቁ፤ ሐኪሙንም «አጥንቱ ምን ያህል ተጎድቷል? ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስስ ምን ያህል ቀርቶታል?» ብለው ይጠይቁት። አጥንቱ ብዙ ካልተጎዳ ነርቩ ተጠርጎ፣ ጥርሱ ተሞልቶ፣ ከላይ የብረት ሽፋን ይደረግለታል፤ በዚህ መልኩ የታከመ ጥርስ ጊዜው ደርሶ እስኪወድቅ ሊያገለግል ይችላል። መነቀሉ ግድ ከሆነ ደግሞ ቦታው እንዳይጠብ የሚይዝ የሽቦ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋት ከመነቀሉ በፊት ይነጋገሩ። ከተነቀለ ከዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ ቦታው ጠብቦ ያገኘሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ረጅምና ውድ ጥርስ የማስተካከል ሕክምና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ቤትዎ ውስጥ ያረጋግጡ። ልጅዎን ብርሃን ወዳለበት አዙረው፣ ከመካከለኛው የፊት ጥርስ ጀምረው፣ የወለቀውንም ክፍት ቦታ ጨምረው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። በአንድ በኩል የሚኖሩት የወተት ጥርሶች 5 ብቻ ናቸው፤ ስድስተኛው ቋሚ ነው። ይህ ጥርስ በ6 ዓመት አካባቢ ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ከሁሉም ኋላ ድዱን ቀዶ ስለሚወጣ ወላጆች የወተት እየመሰላቸው ያስነቅሉታል፤ እሱ ግን ተተኪ የለውም። የታመመው 4ኛው ወይም 5ኛው ከሆነ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይሠራል፤ 6ኛው ከሆነ ግን ለማዳን የሚቻለው ሁሉ መደረግ አለበት።

እስከ ቀጠሮዋ ድረስ ነጭ ሽንኩርት ጥርሷ ላይ አያድርጉባት፤ ድድን ያቃጥላል፣ ቁስሉም በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም ይጨምራል። እብጠቱ ወደ ዓይኗ ወይም ወደ አገጯ ሥር ከሄደ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ አፏን መክፈት ወይም ምራቋን መዋጥ ካቃታት ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የልጄ ልጅ 8 ወሯ ነው። ተቅማጥና ትኩሳት ይዟት ሰውነቷ ላላ። ጎረቤቶቼ «የወተት ጥርሷ ነው፣ ካልወጣላት አትድንም» ብለው የሚያወጡ ሴትዮ ጠቁመውኛል። የኔም ልጆች ድሮ እንዲሁ ተደርጎላቸው ድነዋል። ልጄ ግን አሻፈረኝ አለች። (አያት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እማማ፣ ልጅዎ እንቢ ማለቷ ትክክል ነው፤ እባክዎ ከእርሷ ጋር ይቁሙ። በሕፃኗ ድድ ውስጥ ነጣ፣ አበጥ ብሎ የሚታየው ትልም በሽታም አይደለም፤ የክራንቻ ጥርሷ ቡቃያ ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ጊዜ ራሱ ይወጣል። ይህን ቡቃያ በምላጭ፣ በወስፌ ወይም በተሳለ ሚስማር ፈልፍሎ ማውጣት ሕፃኗን ለብዙ ደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍ፣ መሣሪያው ሌላ ልጅ ነክቶ ከሆነም ለኤች አይ ቪና ለጉበት ቫይረስ ያጋልጣታል። ከሥሩ የቋሚው ክራንቻ ቡቃያም መፈጠር ስለጀመረ ስታድግ ጥርሷ ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሕፃናትን የሚጎዳን ሰው ይቀጣል።

ጥርስ በማብቀያው ወራት ተቅማጥ መብዛቱ ግን የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የብዙ አያቶች ትዝብት ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። ከ6 ወር ጀምሮ ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብና ውኃ መቅመስ ይጀምራል፣ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል፣ ከእናቱ ይዞት የተወለደው መከላከያም በዚያው ዕድሜ እየሳሳ ይሄዳል። የእርስዎ ልጆች የዳኑት ጥርሳቸው ስለወጣ አልነበረም፤ ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ስለሚተው ነው። የማይተው ዓይነት ሆኖ የሚገድለው ግን ሰውነትን ውኃ በማሳጣት ነው፤ ወደ ጥርስ አውጪ በመሄድ የሚባክነው ሰዓትም ውኃ መተካት የሚገባበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሕፃኗ ጡት መጥባቷን አታቋርጥ። ኦ አር ኤስ አንዱን ከረጢት በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ፣ ባስቀመጣት ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጧት፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም ሳታቋርጡ ስጧት። ሰውነቷ ላላ ስላሉኝ ግን ቤት አትቆይ፤ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ እርግብግቢቷ ከሰረጎደ፣ ሽንቷ ከቀነሰ፣ ደም ከታየ ወይም ጡት እንቢ ካለች ደግሞ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ከታች የፊት ጥርሱ ሳይወድቅ ከኋላው ሌላ ጥርስ ወጣ። ድርብ ጥርስ ሆኖ እንዳይቀር በክር አስሬ ልንቀለው? (አባት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክሩን ይተዉት። በዚህ ዕድሜ እጅግ የሚያጋጥም ነገር ነው። ከፊት ያለው የወተት ጥርስ የሚነቃነቅ ከሆነ ልጁ በምላሱና በታጠበ ጣቱ እያነቃነቀ ራሱ ያወልቀው፤ ከዚያ በኋላ ምላሱ አዲሱን ጥርስ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ያመጣዋል። ጨርሶ የማይነቃነቅ ከሆነ ወይም በሁለት ወር ውስጥ ካልወለቀ ሐኪም ይንቀለው። ሲወልቅ ሥር የሌለውና ከሥሩ የተቀረጠፈ ቢመስልዎ አይደንግጡ፤ ሥሩ ተሰብሮ አልቀረም፤ የሚመጣው ጥርስ አሟሙቶት ነው።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ወንድ ልጄ ጥርሱን ለመነቀል ቀጠሮ ይዟል። እንዳይፈራ «መርፌ የለም» ብዬዋለሁ። ከተነቀለ በኋላስ ምን ላድርግለት? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መርፌ የለም ያሉትን ከቀጠሮው በፊት ያስተካክሉት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መርፌውን ሲያይ ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን እርስዎንም ማመን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ አፉን ማስከፈት ይከብዳል። «ሐኪሙ ጥርስህን የሚያስተኛ መድኃኒት ያደርግልሃል፤ ትንሽ ቆንጠጥ ያደርግሃል፤ ከዚያ ሲገፋ ይሰማሃል እንጂ አያምህም» ይበሉት። እውነቱም ይኸው ነው፤ ማደንዘዣው ሕመምን ይወስዳል፣ የመገፋትን ስሜት ግን አይወስድም፤ ልጆች የሚደነግጡት ይህን ቀድሞ ስላልተነገራቸው ነው። በቤት ውስጥም «ካስቸገርክ መርፌ ትወጋለህ» ማለትን ሁላችሁም ተዉ። ከተቻለ ቀጠሮው ጠዋት ይሁን፤ የሚሰጠው ድዱን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ከሆነ ቀለል ያለ ቁርስ በልቶ ይምጣ። የልብ ሕመም ኖሮበት በየወሩ መርፌ የሚወጋ፣ አስም ያለበት፣ ሲቆስል ደሙ ቶሎ የማይቆም ወይም መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ከተነቀለ በኋላ ጎዙን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥርቅም አድርጎ ይንከስ። ከንፈሩ ለ2 ወይም 3 ሰዓት እንደደነዘዘ ስለሚቆይ ሳያውቀው እንዳያኝከው ይጠብቁት፤ ከመነቀሉ ይልቅ በማግሥቱ ያበጠ ከንፈር ይዘው የሚመጡ ልጆች ያሳዝኑኛል። በዚያን ቀን አይጉመጥመጥ፣ ደጋግሞም አይትፋ፤ ቀዝቀዝ ያለ እርጎ ወይም አጥሚት ይበቃዋል። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ሟሙቶ ይጉመጥመጥ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ሽሮፕ በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ይስጡት፤ የሽሮፑ ጥንካሬ ስለሚለያይ መጠኑን የመድኃኒት ባለሙያው ያስላልዎ። አስፕሪን ግን ለልጅ አይሰጥም። ምራቁ ለአንድ ቀን ያህል ቀላ ማለቱ ያለ ነው፤ ጎዙን ደጋግሞ ነክሶም ደሙ ከፈሰሰ ወደ ነቀለው ሐኪም ይመለስ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ቁስሉ ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ሽፋን ሲያዩ መግል መስሎዎ በጥጥ አይጥረጉት፤ ትኩሳትና እብጠት እስከሌለ ድረስ የሚድን ቁስል መልክ ነው።