አምስቱንም «ጉዞ» ብዬ ጻፍኳቸው

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ሙጥጥ ብሎ ካለቀ በኋላ ነው። የምኖረው ደሴ ነው። ቀን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ እሠራለሁ፤ ማታ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት እንግሊዝኛ እማራለሁ። ማንበብ አያቅተኝም፤ ሰዋስውም ቢሆን ክፉ አይደለሁም። ያንገሸገሸኝ የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ነው።

ሰሞኑን የያዝነው ምንባብ ስለ ጥንቱ የማሊ ገዢ ስለ ማንሳ ሙሳ ነው፤ ስለ ወርቁ፣ ስለ ግዛቱ፣ በ1324 እ.ኤ.አ. በካይሮ አድርጎ መካ ስለሄደበት ሐጅ። ከምንባቡ 40 ቃላት ወጥተው ተሰጡን። በሁለት ሌሊት 20፣ 20 አድርጌ ሸመደድኳቸው። ፍቺ ስጠየቅ 40ውንም መለስኩ። ቀጥሎ በቃላቱ ዐረፍተ ነገር ሥሩ ተባልን። 15 ሠርቼ 11ዱ ተሰረዘ። «ሂ ኢዝ ኤ ሪች» ብል ተሰረዘ። «ሂ ሜድ ኤ ትራቭል ቱ መካ» ብል ተሰረዘ። «ማሊ ዋዝ ሪች ባይ ጎልድ» ተሰረዘ። «ሂ ሃድ ሜኒ ዌልዝስ» ላይማ ሁለት መስመር ነው የተሰመረበት። ለምን እንደሆነ ግን አይጻፍም። ስጠይቀው «እንግሊዝኛው እንዲህ አይልም» ብሎ ያልፋል።

እርስዎ ይፍረዱኝ። ፍቺውን ካወቅኩ ሌላ ምን ይጠበቅብኛል? ሀብታም ያው ሀብታም ነው፤ ጉዞም ጉዞ ነው። ደብተሬን ቢያዩት ደግሞ ንጹሕ ነው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፣ በማስመሪያ የተሰመረ። ትራቭል፣ ትሪፕ፣ ጀርኒ፣ ቮየጅና ፒልግሪሚጅ ፍቺያቸው አንድ ስለሆነ ቦታ እንዳልፈጅ በአንድ ቅንፍ አስሬ «ጉዞ» ብያለሁ። የሀብቶቹንም እንዲሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሬይን የሚለውን፣ የንግሥና ዘመን ማለት የሆነውን፣ እንደ ተጻፈው «ሬይግን» ብዬ ሳነብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። የማይነበብ ፊደል ለምን ይጽፋሉ?

ቤታችን የወሎ ቤት ነው፤ እናቴ ግሸን ትሳለማለች፣ የአባቴ ወገን ሙስሊሞች የሚጎበኙት ጀማ ንጉሥ ይሄዳል። ሐሳቤም በገና ላሊበላ፣ በመስከረም ግሸን ለሚመጡ የውጭ እንግዶች አስጎብኚ መሆን ነው። የማታውን ክፍያ በየወሩ የምትልክልኝ ጅዳ ያለችው ታላቅ እህቴ ናት፤ ሰው ቤት እየሠራች። በደወለች ቁጥር «እንግሊዝኛውስ?» ትለኛለች፤ «ጥሩ ነው» እላታለሁ። ጥሩ አይደለም። እንግዲህ ልጠይቅዎ የፈለግኩት ይህን ነው፦ ቋንቋ የማይገባው ጭንቅላት አለ? ካለና የእኔም እንዲያ ከሆነ፣ እህቴን «ከእንግዲህ አትላኪልኝ» ልበላት?

ቀይ እስክሪብቶ ያንገሸገሻት፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። ጭንቅላትሽ ደኅና ነው። 40 ቃል በሁለት ሌሊት የያዘ ጭንቅላት ቋንቋ አይገባውም የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልሰማውም።

ምክንያቱን ሳይናገሩ መሰረዝ ማስተማር አይደለም፤ መምህርሽ እዚህ ላይ አጥፍቷል። አንቺ ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያለፍሽው ነገር አለ፦ ቦታ እንዳትፈጂ ብለሽ አምስት ቃል በአንድ ቅንፍ ማሰርሽ። ከስረዛዎችሽ ብዙዎቹ የወጡት ከዚያ ቅንፍ ነው።

እስቲ የወሎ ሰው ሆነሽ መልሽልኝ። እናትሽ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ስትወጣ ለጎረቤት «ጉዞ ሄደች» ትያለሽ? «ልትሳለም ሄደች» ነው የምትይው። የአባትሽ ወገን ጀማ ንጉሥ ሲሄድ «ዚያራ» ነው። መካ የደረሰ በወቅቱ ከሆነ «ሐጅ አደረገ»፣ ከወቅቱ ውጭ ከሆነ «ዑምራ አደረገ» ይባላል። ለሱቁ ዕቃ ልታመጪ ኮምቦልቻ ብትወርጂ «ደርሼ መጣሁ» ትያለሽ። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚናገር አፍ ይዘሽ ደብተርሽ ላይ ስትደርሺ አንዲቷን «ጉዞ» አስገብተሽ ሌሎቹን ከበር መለስሻቸው።

አሁን አስገቢያቸው። ፒልግሪሚጅ የተሳላሚ መንገድ ነው፤ መጨረሻው ቅዱስ ቦታ ካልሆነ አይባልም። ከፊቱ «ጎ ኦን ኤ» ወይም «ሜክ ኤ»፣ ከኋላው «ቱ» ይፈልጋል፦ «ሂ ዌንት ኦን ኤ ፒልግሪሚጅ ቱ መካ»። ሰውየው ፒልግሪም ነው። መጨረሻውን «ሚጅ» በይው እንጂ «ሜጅ» አትበዪው። ሐጅን በስሙ ከጠራሽው «ፐርፎርም ዘ ሐጅ» ይባላል። ትሪፕ የኮምቦልቻው ነው፤ አጭር፣ ደርሶ መልስ። ጀርኒ መንገዱ ራሱ ነው፣ ርዝመቱና ድካሙ፤ ማንሳ ሙሳ ሰሃራን አቋርጦ ካይሮ የገባበት ጀርኒ ነው። ቮየጅ ባሕር ወይም ጠፈር ስለሚፈልግ ለሰሃራ አይሆንም። ትራቭል ስም ሲሆን አይቆጠርም። «ሁለት ጤፍ ስጪኝ» የሚል ገበያተኛ እንደሌለ ሁሉ «ኤ ትራቭል» የሚል እንግሊዝኛ የለም። ግሥ አድርጊውና ይቀልሻል፦ «ሂ ትራቭልድ ቱ መካ»።

«ሀብታም ያው ሀብታም ነው» ላልሽውም እንዲሁ። በእኛ ቋንቋ ሀብታም ቅጽልም ነው፣ ስምም ነው፤ «አንድ ሀብታም መጣ» እንላለን። ሪች ግን ለአንድ ሰው ስም ሆኖ ብቻውን አይቆምም። ወይ «ሂ ኢዝ ሪች»፣ ወይ «ኤ ሪች ማን» ትያለሽ። «ዘ ሪች» ካልሽ ሀብታሞች በሙሉ ማለት ስለሆነ ግሡም «አር» ይሆናል። ዌልዝ አይቆጠርም፤ «ግሬት ዌልዝ» በይ፣ «ሜኒ» አያውቀውም። «በወርቅ የበለጸገ» ስለምንል «በ»ን ወስደሽ «ባይ» አደረግሻት፤ የእነሱ «ኢን» ነው፦ «ሪች ኢን ጎልድ»። ፎርቹንን ለብቻው ያዢው። «ጉድ ፎርቹን» ያለ «ኤ» መልካም ዕድል ነው፤ «ኤ ፎርቹን» ግን ብዙ ገንዘብ ነው። ደንበኛሽ የጥበቡን ዋጋ ሰምታ «ኡኡ!» ስትል «ኢት ኮስትስ ኤ ፎርቹን» ማለቷ ነው።

ከምንባቡ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ በቃልሽ ያዢ ብባል ይህን እመርጥልሻለሁ፦ «ሂ ጌቭ አዌይ ሶ ማች ጎልድ ዛት ኢትስ ቫልዩ ፌል»። ወርቁን ከማደሉ ብዛት ዋጋው ወደቀ ማለት ነው። ካይሮ ላይ በእርግጥም የሆነው ይህ ነው፤ ከ12 ዓመት ያህል በኋላ የጻፈው የታሪክ ጸሐፊው አል-ዑመሪ ዋጋው ገና እንዳላገገመ መዝግቧል። «ጌቭ አዌይ» በነጻ ማደል ነው፣ «ስፔንት» ከፍሎ መግዛት። «ሶ ማች … ዛት» ደግሞ የእኛ «ከ… የተነሣ» ነው። ይህ አካሄድ ከገባሽ ስለ ግሸን ሕዝብ ብዛትም፣ ስለ ላሊበላ መንገድም በእሱ ትናገሪያለሽ።

የግዛት ቃላቱ አያስቸግሩሽም። እዚያው ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ንጉሥ ነበሩ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አልነበሩም፤ በእንግሊዝኛ ኪንግ ናቸው። ከነገሥታት በላይ ያለው ኤምፐረር፣ ብዙ አገርና ሕዝብ በአንድ ያስገበረበት ግዛት ኤምፓየር ነው። «ማንሳ»ም ማዕረግ ነው፤ የሰውየው ስም ሙሳ ነው። ኤምፓየርና ኤምፐረር ሲነበቡ የድምፁ ጉልበት መጀመሪያቸው ላይ ነው፤ ኢምፒሪያል ሲሆን ግን ጉልበቱ «ፒ» ላይ ያርፋል።

ለሬይን የሳቁብሽን ተያቸው፤ ጥያቄሽ የብልህ ጥያቄ ነው። ያቺ የማትነበብ ፊደል ከላቲኑ «ሬግኑም» የቀረች ናት፤ ድምፁ ጠፍቶ ጽሕፈቱ ዘሩን ጠበቀ። እኛስ ንጉሥን በ«ሠ» የምንጽፈው ለምንድን ነው? ድምፁ ከ«ሰ» ጋር አንድ ከሆነ ስንት ዘመኑ! ሬይንን በንጉሡ «ሠ» አስታውሺው፣ ሁለተኛ አይጠፋሽም።

«ፍቺውን ካወቅኩ ሌላ ምን ይጠበቅብኛል» ያልሽው ግን አስቆጥቶኛል። ከደሴ ወጣ ብሎ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው «ይቻላቸዋል» አለ፤ ጣልያንኛው ፈቃዱን ግዴታ አደረገው። ከዚያ አንቀጽ ተነሥቶ የመጣውን አድዋ ታውቂዋለሽ። ይህን ውል የፈረመ አገር ልጅ «ያው ነው» ስትል ዝም ብዬ አላልፍም። ነገ አስጎብኚ ሆነሽ ተሳላሚውን ሽርሽር የሄደ ብታስመስዪው እንግዳው ግሸንን ሳያውቃት ይመለሳል።

ወደ ሥራው እንግባ። የፈተናሽን ውጤት ደግመሽ እዪው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ 40 ከ40፣ ወደ እንግሊዝኛ ስትመለሺ 4 ከ15። ያጠናሽው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ነው። አይቶ መለየትና ከባዶ ማውጣት ሁለት የተለያየ ሥራ ናቸው።

ደብተሩን ዝጊው። ሱቃችሁ ውስጥ ጣቃ የሚጠቀለልበት ካርቶን አይጠፋም፤ በመዳፍሽ ልክ 40 ቁራጭ ቁረጪ። በአንዱ ፊት ከቤትሽና ከሰፈርሽ የወጣ የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ጻፊ፤ ነጠላ ቃል አይሁን። በጀርባው የእንግሊዝኛውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፊና አዲሱን ቃል ከነጎረቤቶቹ፣ ከፊቱ ከሚመጣው ግሥና ከኋላው ካለው መስተዋድድ ጋር አስምሪበት። በቀን 6 ብቻ፤ በሳምንት ያልቃሉ። አማርኛውን እያየሽ እንግሊዝኛውን በድምፅ በዪ፤ ከአፍሽ ሳይወጣ አትገልብጪ። ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ገልብጦ አይቶ «አውቀው ነበር» ይላል። የመለስሻትን ካርድ በማግስቱ፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው ቀን ጠይቂያት። ከሳትሽ እንደ አዲስ ከማግስቱ ትጀምራለች። አራት የስኳር ካርቶን ካለሽ መደርደሪያው ሞላ። የተሰረዙትን 11 ዐረፍተ ነገሮችም አስተካክለሽ መልሰሽ ስጪው፤ ምክንያቱን አንቺው ከጎናቸው ጽፈሽ።

እህትሽን «አትላኪልኝ» አትበያት። «ጥሩ ነው» ማለትሽን ግን ዛሬውኑ ተዪ፤ በሰው ቤት ላብ የመጣ ገንዘብ እውነቱ ይገባዋል። 11 እንደተሰረዘብሽና ለምን እንደተሰረዘ ንገሪያት። ደግሞም ያለችው ጅዳ ነው! ከዓለም ዳርቻ ለሐጅ የሚመጣው ሕዝብ የሚያርፍባት ከተማ። በየሳምንቱ ስለ ሑጃጁ ያየችውን አንድ ነገር በአማርኛ ትንገርሽ፤ አንቺ በሦስት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አድርገሽ በድምፅ መልእክት መልሺላት። የመጀመሪያውን ካርድ እኔ ልጻፍልሽ። በፊቱ «እናቴ ግሸን ልትሳለም ሄደች»፣ በጀርባው «ማይ ማዘር ዌንት ኦን ኤ ፒልግሪሚጅ ቱ ግሸን»። «ዌንት ኦን ኤ» እና «ቱ» ላይ አስምሪ፣ ቀሪዎቹን 39 አንቺ ጻፊ።