ፖሊፌኖል ካፕሱል ወይስ ጥራጥሬ? ለተነሳው ጥያቄ

«ፖሊፌኖል ካፕሱል አንድ ወር ወስጄ ለውጥ የለም፤ ጥራጥሬ ስጀምር ደግሞ ሆዴ ይነፋል፤ የቱን ልተው?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ ካፕሱሉን ተው፤ ጥራጥሬውን ቀንሰህ ቀጥል።

ፖሊፌኖል ዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ ውህድ ሲሆን አብዛኛው በትንሹ አንጀት አይመጠጥም፤ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል፤ ደም ውስጥ የሚገኘውም በብዛት እነሱ የሠሩት ውህድ ነው። ስለዚህ ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ለምሳሌ ዳይድዜን የተባለውን የአኩሪ አተር ፖሊፌኖል ኢኩኦል ወደተባለ ውህድ የሚለውጥ ባክቴሪያ ያላቸው ምዕራባውያን ከ100 ሰው ከ25 እስከ 30 ቢሆኑ ነው። ባክቴሪያው ከሌለ ካፕሱሉ ቢደራረብም ኢኩኦል አይመጣም። አንቲባዮቲክ የወሰደ ሰው ባክቴሪያዎች ከተልባ የሚሠሩለት ኢንተሮላክቶን የተባለ ውህድም ለጊዜው ይወርዳል።

ሜታቦሊዝም (ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይርበት ሂደት) ላይ ይበልጥ የተጨበጠው የአሰሩ (የፋይበሩ) ሥራ ነው። ባክቴሪያዎች አሰሩን አብላልተው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት የተባሉ አሲዶች ያወጣሉ። ቡቲሬት የትልቁ አንጀት ሽፋን ሴሎች ዋና ምግብ ነው፤ አሲዶቹ ደግሞ ጂኤልፒ-1 እና ፒዋይዋይ የተባሉትን የጥጋብ ሆርሞኖች ያስለቅቃሉ። ክብደት ላይ ያለው ውጤት ግን መጠነኛ ነው፤ ኪሎ በኪሎ የሚያረግፍ አድርገው የሚሸጡትን አትስማ።

የመንፋቱ ምክንያት ራፊኖዝና ስታኪዮዝ ናቸው። እነዚህን ስኳሮች የሚፈጭ ኢንዛይም የሰው አንጀት ስለሌለው ባክቴሪያ ያቦካቸዋል፤ ጋዙ ከዚያ ነው። ጥራጥሬውን ከ8 እስከ 12 ሰዓት ዘፍዝፈህ ውሃውን ድፋው፣ በአዲስ ውሃ ቀቅል። በቀን በሩብ ኩባያ የበሰለ ምስር ጀምር፤ 4 ግራም ገደማ አሰር አለው። በየሳምንቱ ከ5 ግራም ሳትበልጥ ጨምር፤ ጠቅላላው 25 ወይም 30 ግራም ሲደርስ ይበቃል። ሆድህ ካስቸገረህ ባለህበት መጠን አንድ ሳምንት ቆይ እንጂ ወደ ዜሮ አትመለስ። የምትጠጣውን ውሃ ካልጨመርክ አሰሩ ራሱ የሆድ ድርቀት ያመጣብሃል። ቀይ ቦሎቄ ግን ለብቻው ይታይ፦ ከተዘፈዘፈ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ በደንብ ሊፈላ ይገባል፤ በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ የሚያበስል ድስት ውስጥ በቀጥታ ከገባ ሌክቲን የተባለው መርዘኛ ፕሮቲን አይጠፋም፣ ያስመልሳል።

ምስሩ ተስማምቶህ ቀይና ነጭ ሽንኩርት ብቻ የሚነፋህ ከሆነ ምክንያቱ ፍሩክታን የተባለው ባክቴሪያ የሚያቦካው ካርቦሃይድሬት ነው፤ የአንጀት መቆጣት (አይቢኤስ) ያለበት ሰው በሥነ ምግብ ባለሙያ እየታገዘ ቢቀንሰው ይሻላል።

ሻይና ቡናም ፖሊፌኖል አላቸው፤ ብረት የሚያንስህ ከሆነ ግን ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቃቸው፣ የዕፅዋቱን ብረት ያስሩታል። ካፕሱልህ የአረንጓዴ ሻይ ከሆነ ኢጂሲጂ የተባለውን የሻዩን ዋና ፖሊፌኖል መጠን እይ፦ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የጉበት ኢንዛይምን ከመጨመር ጋር ተያይዟል።

ባክቴሪያው በቀናት ውስጥ ይለወጣል፤ ምግቡ ሲቋረጥ ደግሞ በዚያው ፍጥነት ይመለሳል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ከመብላት በየቀኑ ጥቂት ይበልጣል። ሰገራህ ላይ ደም ካየህ፣ ሳትፈልግ ክብደት ከቀነስክ ወይም ሌሊት ሕመም ከቀሰቀሰህ ግን የምግብ ማስተካከያውን አቁመህ ሐኪም ዘንድ ሂድ።