ጭስ የሚተኛበት ሰዓት

የተወደዳችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት በአየር ጠባይ ምልከታ ሥራ ነው። በየማለዳው መዝገብ ላይ ካሰፈርኳቸው ቃላት ሁሉ ዛሬ የሚከነክነኝ አንዱ ነው፤ «ጭስ» የሚለው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። ለጎረቤቶቼ ግን ትርጉሙን አልነገርኳቸውም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም አቀማመጧ የገበቴ ነው። በምዕራብ የጦሳ ተራራ፣ በምሥራቅ የአዝዋ ገደል ከፍታ፣ መሐሉን የቦርከና ወንዝ። ውሃው በዶሮ መዝለያ በኩል መውጫ አለው፤ አየሩ ግን እንደ ውሃው አይቀናውም። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሽቅብ ይለቃል። መሬቱን የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ በተዳፋቱ ቁልቁል ይንሸራተትና ጎድጓዳው ላይ ይተኛል። በሌላ ጊዜ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በ1,000 ሜትር በአማካይ 6.5 ዲግሪ። እንዲህ ባለው ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ታች ቁር፣ ከላይ ሞቅ ያለ አየር። ያ ሞቃት አየር እንደ አክንባሎ ይከደናል። ጭሱ እሱ ጋ እስኪደርስ ይወጣና መሄጃ ሲያጣ ወደ ጎን ይነጠፋል።

የቦሩ ሜዳ ገበሬ ይህን ከእኔ በፊት ያውቀዋል። ውርጭ ሜዳውን መትቶ ተዳፋቱን ሲምር አይቷል። ባቄላውን ያቃጠለው ቀዝቃዛ አየርና ጭሱን ከተማ ውስጥ የሚያስቀረው አንድ ናቸው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ስንት እንደሚጨስ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚጨስም ጠይቁ። ንጋት ላይ የተቀጣጠለ ከሰልና ከቀኑ 8 ሰዓት የተቀጣጠለው ያው ከሰል ነው፤ የኋለኛውን ግን ነፋስና ወደ ላይ የሚነሳው ሞቃት አየር ይወስዱታል፤ የፊተኛው እኛው ጋ ይቀራል። ለሱብሂ የሚወጣውም፣ ኪዳን ለማድረስ የሚነሳውም፣ ደብተሩን ይዞ የሚሮጠው ሕፃንም የሚተነፍሱት እሱን ነው። አዝዋ ገደል የጠዋቱን ፀሐይ ስለሚጋርድ ታችኛው ሰፈር ዘግይቶ ይሞቃል። እኔ እንዳየሁት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ክዳኑ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከ3 ሰዓት በኋላ ነው።

ኅዳር 12ን ታውቃላችሁ። «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ከየግቢው የተጠረገውን ቆሻሻ የምናቃጥልበት ቀን ነው። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ይያያዛል። አባቶቻችን በሽታውን ለማባረር ያደረጉትን አከብራለሁ። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ አየሩ በጥብቅ ከሚከደንባቸው ወራት በአንዱ፣ ያውም በማለዳ፣ ከተማው ሁሉ በአንዴ ያጨሳል። እኔም አንድ ዓመት ቅጠሉንና ላስቲኩን ቀላቅዬ አቃጥዬ ጨቅላ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስታስል አደረች። መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ ማወቅ የነበረብኝም እኔ ነኝ። ጠረጋው ይቅር አልልም። የተጠረገው ግን ይሰብሰብ፤ ቅጠሉ ይበስብስና ማዳበሪያ ይሁን፤ ላስቲክ ፈጽሞ እሳት አይንካው።

ነገሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1945 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ለንደን ላይ ነፋስ ጠፍቶ የድንጋይ ከሰል ጭስ ለአምስት ቀን ተከደነ። ያኔ የሞተው 4,000 ያህል ሰው ነው ተባለ፤ በኋላ የተደረገ ጥናት እስከ 12,000 አደረሰው። ጭስ ውስጥ በጣም የሚጎዳው ደቃቁ ብናኝ ነው። ባለሙያዎች ፒኤም 2.5 የሚሉት፣ ስፋቱ ከሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ ሁለት ተኩል የማይበልጠው፣ አፍንጫ ሳያግደው ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳያልፍ ይመክራል።

ክረምት ሲመጣ ዝናቡ የውጩን አየር ያጥበዋል። ያን ጊዜ ጭንቄ ወደ ማድቤት ይዞራል፤ እንጨቱ እርጥብ፣ በሩ ዝግ፣ እናት ከምጣዱ ፊት። ቤታችሁ «ምርጥ» የሚባለው እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ካልገባ ከመጀመሪያ ደሞዛችሁ ላይ ግዙላት፤ ጣሪያው ላይም ጭስ መውጫ ክፈቱላት።

ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ፣ እሷም በተራራ ተከባ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆላታል። ሥራው ለልጆቻችን ያስፈልጋል። ምህንድስና የምትማሩ ግን የጭስ ማውጫ ስትነድፉ የዓመቱን አማካይ ነፋስ ብቻ አትዩ፤ ነፋስ የሌለበትን የታኅሣሥ ንጋትም አስሉ። አክንባሎው ከማውጫው በላይ ከሆነ ጭሱ የሚቀረው ከተማው ላይ ነው።

በመጪው ኅዳር አንድ ማለዳ ከ12 ሰዓት በፊት ተነሱና የጦሳን ተዳፋት ጥቂት ውጡ። ወፍራም ልብስና ደብተር ያዙ። ፀሐይ ስትወጣ ጭሱ ከየትኛው ሰፈር በላይ እንደተነጠፈ፣ የሆጤ ጣሪያዎች በስንት ሰዓት ጥርት ብለው እንደታዩ ጻፉ። በማግስቱም እንደገና ውጡ።