ከነጭ ጋዝ ወደ ቤንዚን፦ ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቤንዚን ቀድሞ ይደፋ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በ1859 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ቲተስቪል ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ድፍድፍ ነዳጅ ከተገኘ በኋላ ገበያው የሚፈልገው ለመብራት የሚሆነውን ነጭ ጋዝ ነበር። ድፍድፉ ሲጣራ አብሮ የሚወጣውን ቤንዚን ወደ ወንዝ የሚለቁ ማጣሪያዎች ነበሩ፤ ከነጭ ጋዝ ጋር ደባልቀው የሸጡት ነጋዴዎች ደግሞ በፋኖስ ፍንዳታ የሰው ሕይወት አጥፍተዋል። ዛሬም ኩራዝ ውስጥ ቤንዚን አትጨምሩ።

ጥያቄ፦ ነጭ ጋዝን ያሸነፈው መኪና ነው ማለት ነው?

ሌላ አባል፦ አምፖል ነው እንጂ! የኤዲሰን ማመንጫ ኒውዮርክ ላይ ሥራ የጀመረው በ1882 ሲሆን የፎርድ ሞዴል ቲ የወጣው በ1908 ነው።

ጠያቂው፦ አምፖል ለቤንዚን ገዢ አያመጣለትም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል። አምፖል የነጭ ጋዝን ገበያ አጠበበ፣ መኪና ለቤንዚን ገዢ አመጣለት። ያን ሁሉ ቤንዚን ከየት አገኙት ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ጥያቄ፦ ድፍድፉን ደጋግመው ቢያጣሩት አይበዛም ነበር?

መልስ፦ አይበዛም። አረቄ ሲወጣ መንፈሱ ቀድሞ እንደሚተን ሁሉ ቤንዚንም ቀድሞ ይተናል፤ ማጣራት ያለውን ይለያል እንጂ የሌለውን አይጨምርም። በአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት፣ በስታንዳርድ ኦይል የነዳጅ ኩባንያ የዋይቲንግ ማጣሪያ፣ ኬሚስቶቹ ዊልያም በርተንና ሮበርት ሀምፍሪስ ከባዱን ዘይት በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ወደ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አሞቁት። ግፊት ባይኖር ዘይቱ ሳይሰነጠቅ ተኖ ያመልጥ ነበር፤ ታፍኖ ሲሞቅ ግን ረጃጅሞቹ ሞለኪውሎች ተሰብረው ቤንዚን የሚሆኑ አጫጭሮች ይወጣሉ። ጋኖቹ ያልተበየዱ፣ በብረት ችንካር የተያያዙ ስለነበሩ በመጋጠሚያቸው ያፈስሱ ነበርና ሠራተኞች በጋለው ብረት ላይ ክፍተቱን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ይደፍኑ ነበር። ፍንዳታ የፈሩት የኩባንያው የኒውዮርክ ኃላፊዎች ገንዘቡን ከለከሉ፤ በ1911 ስታንዳርድ ኦይል በፍርድ ሲበተን ራሱን የቻለው የኢንዲያናው ኩባንያ ግን ፈቀደ፤ የፈጠራ መብቱ በ1913 ተሰጠ፤ ከአንድ በርሜል የሚገኘው ቤንዚንም እጥፍ ገደማ ሆነ።

ጥያቄ፦ ቤንዚንን የፈለሰፈው ማን ነው?

መልስ፦ በድፍድፉ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን ከላይ ጽፌአለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስለ ዋጋውስ?

መልስ፦ የየትኛው አገር፣ የየትኛው ዓመት? እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ነጭ ጋዝ ሲጠፋ ትንሽ ቤንዚን ቢቀላቀልበትስ?

መልስ፦ በፍጹም! ነጭ ጋዝ 38 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ ተኑ አይቀጣጠልም፤ የቤንዚን ተን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ይቀጣጠላል። ትንሽ ያላችሁት ቤንዚን የኩራዙን ባዶ ቦታ በሚቀጣጠል ተን ሊሞላው ይችላል፤ እሳቱም ያለው ከዚያው በላይ ነው።