መልስ፦ ከቤት ለማይወጡት እናትዎ
በመጀመሪያ የሰንበቴ ጓደኛቸው የሆነች አንዲት ጎረቤት፣ በተቆረጠ ቀን ቤት ድረስ መጥታ ጎረቤቶች ተሰብስበው ቡና ወደሚጠጡበት እንድትወስዳቸው ያድርጉ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት እናትዎ አባትዎ ካረፉ ወዲህ ከቤት እንደማይወጡ፣ ሐኪሙም «ከሰው ጋር ይዋሉ» ብሎ እንደሸኛቸው ጽፈዋል፤ ምክሩ ግን የሚያደርስ ሰው ካልተገኘለት በቃል ይቀራል። በእንግሊዝ አገር በሽተኛውን ከአትክልት ሥራ ወይም ከመዘምራን ቡድን ጋር የሚያገናኝ ራሱን የቻለ ሠራተኛ አለ፤ በእኛ በጎጃም ይህን ጎረቤት ትሠራዋለች፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ብታውቀው መልካም ነው።

የእኔ እናት ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው፣ በሦስተኛው እንዝርታቸውንና ባዘቷቸውን ይዘው ሄደው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲፈትሉ ዋሉ።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፦ እናቴ ደኅና የሆኑ ሲመስላቸው ክኒኑን በራሳቸው አቋርጠው ነበር፤ ቡናውም በጨው ይጠጣ ስለነበር ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የእናትዎ ቡና ያለ ጨው እንዲሆን ለጎረቤቶቹ አስቀድመው ይንገሯቸው።