ሥር አለ፣ ቡቃያ የለም
ለማባዛት የተከልሽው የቤጎኒያ (የአበባ ተክል) ቅጠል ሥር አውጥቶ ሁለት ወር ሙሉ ቡቃያ ከከለከለሽ፣ ሥር ለማስወጣት የሚደረገውን የሆርሞን ዱቄት ሳታበዢበት አልቀረሽም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ሥር ያስወጣል፤ ሲበዛ ግን ቡቃያውን ያፍነዋል። ቡቃያ የሚጠራው ሌላው ሆርሞን፣ ሳይቶካይኒን ነው። ለነገሩ ቤጎኒያ ያለ ዱቄትም ሥር ያወጣል።

ያንን ቅጠል አትጣይው፣ ጊዜ ስጪው። አዲስ ስትጀምሪ በጀርባው በኩል ወፍራም ወፍራሞቹን ጅማቶች በንጹሕ ምላጭ ቁረጪ። ዱቄት ካላደረግሁ ካልሽ ቁርጡን ብቻ ነካ አድርገሽ አራግፊው። ከዚያ ጀርባውን እርጥብ አሸዋ ላይ አስተኝተሽ በነጭ ፌስታል ሸፍኚው። የጎንደር ሌሊት ይበርድበታል፤ ማታ ማታ ቤት አስገቢው።

ፌስታሉን ግን በቀን አንዴ ገለጥ አድርጊ። እኔ አምና ሳልከፍተው ሰንብቼ፣ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልሞ ጠበቀኝ።