ስለ መርፌ ዓሣ የጠየቃችሁኝ

ስለ ቀይ ባሕር ዓሦች ከጻፍሁ ወዲህ ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ዓሣ ላይ ያረፉ ናቸው፦ ሰውነቱ እንደ ዘንግ ቀጭን፣ መንጋጋው ረጅምና ሹል፣ ከባሕሩ ገጽ የማይርቅ። ግሪኮች «ቤሎኔ» ብለው በመርፌ ጠርተውታል፤ እኔም መርፌ ዓሣ እለዋለሁ። ትልልቆቹን ላየ ሰው ግን ወስፌ ቢባሉ ይበልጥ ይስማማቸዋል።

«ኤላት ከልጄ ጋር ስንዋኝ ብርማ፣ ረጅም ዓሣ ከውኃው ገጽ ሥር ተለጥፎ ሲሄድ አየን። ልጄ ባራኩዳ ነው አለኝ፤ እኔ ደግሞ መርፌ ዓሣ ነው አልሁ። ማናችን ልክ ነን?» (ከኤላት፣ እስራኤል)

ከገጹ ሥር ተለጥፎ ከነበረ ወደ እርስዎ አደላለሁ። ለወደፊቱ ግን ጀርባውን ይመልከቱ። ባራኩዳ የተራራቁ ሁለት የጀርባ ክንፎች አሉት። መርፌ ዓሣ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ጭራው ተጠግቶ፣ ከሆዱ በስተኋላ ካለው ክንፍ ትይዩ የበቀለ ነው። ሁለቱም መንጋጋዎቹ ረጃጅም ሆነው በጥቃቅን ሹል ጥርሶች የተሞሉ ናቸው። የታችኛው ብቻ ረዝሞ የላይኛው አጭር ከሆነ ሌላ ዓሣ ነው፤ «ግማሽ መንቁር» ልንለው እንችላለን። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የመርፌ ዓሣ ጫጩት ሲያድግ የታችኛው መንጋጋው ቀድሞ ስለሚረዝም ለጊዜው ቁርጥ ግማሽ መንቁርን ይመስላል። ይህ መመሳሰል በከንቱ የመጣ አይደለም፤ ሁለቱም ከበራሪ ዓሦች ጋር በአንድ ክፍለ መደብ የሚመደቡ ዘመዳሞች ናቸው። ቀጭን በመሆኑ ብቻ ከመርፌ ዓሣ ጋር የሚምታታው ቧንቧ አፍ ዓሣ ግን ዝምድናው ከባሕር ፈረስ ጋር ነው።

«ጅዳ ዓሣ ገበያ ውስጥ ሁለት ሦስት ዓይነት አያለሁ። ስንት ዝርያ ነው ያለው? ሁሉስ በየባሕሩ አለ?» (ከጅዳ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ)

ቤተሰቡ ወደ 10 የሚጠጉ ወገኖችና ከ30 በላይ ዝርያዎች አሉት። በሞቃት ባሕሮች የሚያጋጥሙዎት በተለይ አራት ወገኖች ናቸው፤ እነሱን ለመለየት አፍን ትተው የሰውነቱን ቅርጽና የጭራውን አንገት፣ ማለትም ጭራው ከሰውነቱ የሚጋጠምበትን ቀጭን ቦታ፣ ይዩ። አብሌነስ የሚባለው ሰውነቱ ከጎንና ከጎን እንደ ጎራዴ የተጠፈጠፈ ሲሆን በጎኖቹ ላይ ጥቋቁር ቁም መስመሮች አሉበት። በወገኑ ውስጥ ያለው ዝርያ አንድ ብቻ ቢሆንም በአትላንቲክም፣ በሕንድም፣ በሰላማዊ ውቅያኖስም ይገኛል። ፕላቲቤሎን የጭራው አንገት ከላይ ወደ ታች የተዳመጠ፣ በግራና በቀኝ ሰፊ ሸንተረር ያለው ነው። ታይሎሱረስ የትልልቆቹ ወገን ነው። ከመካከላቸው በአዞ የተሰየመው ክሮኮዳይለስ እስከ 1.5 ሜትር ይደርሳል፤ እሱም በሦስቱ ውቅያኖሶች ሞቃት ክፍል ሁሉ ይኖራል።

ስትሮንጊሉራ ግን ጠባዩ ለየት ይላል። የባሕር ዳርቻ፣ የማንግሮቭ ደንና የወንዝ አፍ ይወዳል፤ ስለዚህ ዝርያዎቹ በየአካባቢያቸው ተከፋፍለው ቀርተዋል። አንዱ በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ነው፤ ሌላው ከአሜሪካ ሜን ግዛት እስከ ብራዚል ድረስ ይገኛል፤ ወንዝ ውስጥም ይገባል። የዚህ ቤተሰብ ስርጭት ለእኔ ትርጉም የሚሰጠኝ እንዲህ ሳየው ነው፦ የሰፊውን ባሕር ገጽ የለመደው ዓለምን ያካልላል፤ ዳርቻ የወደደው ግን እዚያው ይወሰናል።

ለእርስዎ ቅርብ የሆነው ታይሎሱረስ ኮራም በቀይ ባሕርና በአካባቢው ብቻ የተወሰነ ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን ጊዜውም 1837 እ.ኤ.አ. ነበር። ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ከምጽዋ ተነሥቶ ስሜንንና ጎንደርን የጎበኘ ሰው ነው። ዋልያንና ጭላዳን በሳይንስ ስማቸው የመዘገበውም እሱ ነው። የተራራችን ዋልያና የቀይ ባሕሩ መርፌ ዓሣ ስማቸውን ከአንድ ሰው እጅ እንደተቀበሉ ባወቅሁ ቀን የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አልለቀቀኝም።

«በግንቦት የገዛሁት ዓሣ ሲበስል አጥንቱ አረንጓዴ ሆኖ ስላገኘሁት ጣልሁት። ተበላሽቶ ነበር?» (ከኮፐንሃገን፣ ዴንማርክ)

በአጥንቱ ቀለም ምክንያት ከሆነ የጣሉት፣ በከንቱ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ቢሊቨርዲን ከተባለ፣ በሐሞት ውስጥም ከሚገኝ አረንጓዴ ንጥረ ነገር ነው፤ በጥሬውም፣ ከበሰለም በኋላ አረንጓዴ ነው፤ ጉዳት የለውም። የገዙት ከሞቃት ባሕር ዘመዶቹ ተለይቶ የአውሮፓን ቀዝቃዛ ባሕር የለመደው፣ የግሪኮቹን ስም የያዘው ቤሎኔ የተባለው ወገን ነው። በፀደይ ወደ ዴንማርክ ዳርቻዎች በብዛት ይመጣል።

«በጣና ወይም በሌላ ሐይቃችን ይገኛል?» (ከባሕር ዳር)

አይገኝም። በጨው አልባ ውኃ የሚኖሩ ዝርያዎች ግን አሉ፤ በአማዞን ወንዝና በሕንድ ወንዞች ይኖራሉ።

«በሌሊት በጀልባ ስንወጣ መብራት አታብሩ፣ ይወጋችኋል ይሉናል። እውነት ነው ወይስ ማስፈራሪያ?» (ከዱባይ)

እውነት ነው። ዓሣው ሰውን አያድንም፤ ምግቡ ትናንሽ ዓሦች ናቸው። ነገር ግን ሲደነግጥ ወይም መብራት ሲስበው ከውኃው ላይ በታላቅ ፍጥነት ይዘላል፤ በመንገዱ ላይ ያለ ሰው በሹሉ መንጋጋ ይመታል። በ1977 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ካዋይ ደሴት ከአባቱ ጋር በሌሊት ዓሣ ሲያጠምድ የነበረ የ10 ዓመት ልጅ ዓይኑን ተወግቶ ሞቷል። እንዲህ ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ ሆኖም ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው ምክሩን መናቅ አይገባም። መብራት የግድ ካስፈለገ ልጆቹ ከጀልባው ጠርዝ ራቅ ብለው፣ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። የተወጋ ሰው ካለም መንጋጋው ሰውነቱ ውስጥ እንደተሰካ ከሆነ አትንቀሉት፤ እንዳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።